«ይኼንንማ ጦጣም ይሥለዋል»

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ሠዓሊ ባሳየው ዐውደ ርእይ ላይ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ጎልማሶች አንድ ትልቅ ሸራ ይመለከቱ ነበር። ሸራው ላይ ሰው የለም፤ ቤት የለም፤ ዛፍ የለም። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ቀይና ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። አንደኛው ሰውዬ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ ብዙ ቆየና፣ «ኧረ ይኼንንማ ጦጣም ይሥለዋል!» አለ። ጓደኛው ሳቀ። አልደብቃችሁም፣ እኔም ሳቅሁ። ሠዓሊው ከኋላችን ቆሞ ኖሮ እሱ ግን አልሳቀም።

አነጋገሩ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ረቂቅ ሥዕሎቹን ለአዲስ አበባ ሲያሳይ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ያለው ተመልካች ጥቂት አልነበረም። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ዛሬም ረቂቅ ሥዕል ፊት ስንቆም ወይ ሕፃኑን ወይ ጦጣዋን ለምስክርነት እንጠራለን። ሰውዬው ይህን ሲል ሠዓሊውን መስደቡ ነበር እንጂ ስለ ጦጣዋ አንድም ነገር አላሰበም። እስቲ እኛ ለአንድ ጊዜ ስድቡን እንተወውና ቃሉን እንደ ቁም ነገር እንያዘው። ለመሆኑ ጦጣ ትሥላለች? ብትሥልስ፣ ሥዕሏን አይቶ ስለ አእምሮዋ ምን ማለት ይቻላል?

ጥያቄውን የማነሣው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጉዳይ ተሳስቼ፣ ስሕተቴንም በጋዜጣ አሳትሜ አውቃለሁ። ወደ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ኮንጎን ላስተዋውቃችሁ። አገሩን ማለቴ አይደለም፤ ኮንጎ የሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ ነዋሪ የነበረ ቺምፓንዚ ነው። ቺምፓንዚ ጦጣም ዝንጀሮም እንዳልሆነ ልብ አድርጉልኝ። ጭራ የለውም፤ በሥጋ ዝምድናም ከጦጣ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። በአገራችን ጫካ ስለማይኖር አማርኛችን የራሱን ስም አላወጣለትም እንጂ ያ ሰውዬ «ጦጣ» ሲል ሊጠራው የሚገባው እሱን ነበር።

ኮንጎ የተወለደው በ1954 ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ዴዝመንድ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ እርሳስና ወረቀት ሰጠው። ሞሪስ ራሱም ሠዓሊ ነበር፤ በ1950 ሎንዶን ውስጥ ከስፔናዊው ሚሮ ጋር በአንድ ጋለሪ ሥራዎቹን አሳይቷል። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሳሱን ለኮንጎ ያቀበለው እጅ ብሩሽ የሚያውቅ እጅ መሆኑ በኋላ ለምናነሣው ነገር ይጠቅመናል። ኮንጎ በእርሳሱ አንድ አጭር መሥመር አወጣ። ቆም አለ። ደግሞ ሌላ አወጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 400 የሚደርሱ ንድፎችና ሥዕሎች ሠራ።

በ1957 ሎንዶን የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ተቋም የኮንጎንና ቤትሲ የተባለች የአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማ ቺምፓንዚ ሥራዎችን ለሕዝብ አሳየ። ጋዜጣው ሁሉ ቀለደ። ፒካሶ ግን የኮንጎ ሥዕል ነበረው፤ ሚሮም፣ ሞሪስ እንደሚተርከው፣ የራሱን ሥራ ሰጥቶ በምትኩ አንድ የኮንጎ ሥዕል ይዞ ሄደ። ኮንጎ በ1964 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ2005 ቦናምስ የተባለው የሎንዶን ጨረታ ቤት ሦስት ሥዕሎቹን በአንድነት በ14,400 ፓውንድ ሸጠ። በዚያው ጨረታ ላይ የቀረቡት የሬኗርና የዋርሆል ሥራዎች ገዢ አጥተው ተመለሱ። ገበያ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ስለ ሥዕል ብዙ አይነግረንም።

የኮንጎን ሥራዎች ያየሁት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ታትመው ነው። ስለዚህ ስለ ቀለሙ ውፍረት፣ ብሩሹ ወረቀቱን ስለ ጎዳበት ቦታ መናገር አልደፍርም። ስለ አጣጣሉ ግን መናገር ይቻላል። ኮንጎ የሚወደው አንድ ቅርጽ ነበረው፤ ማራገቢያ ይመስላል። ከወረቀቱ ራቅ ካለው ጠርዝ ይነሣና መሥመሩን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ታች እሱ ዘንድ ሲደርሱ ይገናኛሉ፤ ላይ ይበተናሉ። ይህንኑ ቅርጽ በእርሳስም በቀለምም ደጋግሞታል። ደግሞም አለዋወጠው፤ አንድ ቀን ማራገቢያውን ለሁለት ከፍሎ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አሳርፏል፤ ሌላ ቀን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየገፋ በግልባጩ ሠርቶታል። የእጅ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግልባጩን ምን አመጣው? እዚህ ላይ ነው እኔ ከሳቄ የተመለስኩት።

ከሥዕሉ ይልቅ ግን እኔን የያዘኝ በሥዕሉ ዙሪያ የሆነው ነገር ነው። ኮንጎ እየሠራ ሳለ ወረቀቱን ሊወስዱበት ቢሞክሩ ይጮኻል፤ ይቆጣል። ጨረስኩ ካለ ደግሞ ብሩሹን ቢያቀብሉት፣ ቢያባብሉት አይነካም። ለመሣሉ ምንም ምግብ አይሰጠውም ነበር። ሞሪስ ስለ ሌላ ቺምፓንዚ የጻፈው ታሪክ ደግሞ አለ። ይኼኛው በሣለ ቁጥር ጉርሻ ይሰጠው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱን ሳያይ አንድ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አድርጎ እጁን ለጉርሻው ይዘረጋ ነበር አሉ። ይህን ሳነብ ፊቴ ላይ የመጣው ቺምፓንዚው አይደለም። ለሆቴል ግድግዳና ለቱሪስት መደብር አንዱን የገበያ ትዕይንት በሳምንት አሥር ጊዜ የሚገለብጡ፣ አንድ ዘመን ተስፋ የጣልንባቸው፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ወዳጆቼ ናቸው።

እንግዲህ አድናቆቱ እንዳያሳውረን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር። ቺምፓንዚ ሚዛን ያውቃል የሚለው ወሬ የተነሣው ከአንድ ፈተና ነው። ፖል ሺለር የተባለ ተመራማሪ አልፋ ለተባለች ቺምፓንዚ ከአንዱ ጎን ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይሰጣት ነበር፤ ጥናቱ በ1951 ታትሟል። አልፋ ባዶ በሆነው ወገን ላይ እየጫረች ወረቀቱን የምታመዛዝን መሰለች። ኮንጎም እንዲሁ። በ1987 ሌሎች ተመራማሪዎች ከሌሎች ቺምፓንዚዎች ጋር ጉዳዩን እንደገና ሲፈትሹት ግን ማመዛዘኑ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም፤ እጅ ወደ ወረቀቱ መሐል የመሄድ ዝንባሌ ብቻ ብዙውን ነገር ሊያስረዳ ቻለ። በዚህ ላይ ለኮንጎ ብሩሹን ቀለም እየነከረ በተራ የሚያቀብለው ሞሪስ ነው። ስለዚህ «ቀዩን ከጥቁሩ አጠገብ እንዴት አድርጎ አዋዶታል!» የሚል ሃያሲ ቢኖር ከምስጋናው ግማሹን ለሞሪስ ይስጥ።

ቲዬሪ ሌናን የተባለ ቤልጅጋዊ የሥነ ጥበብ ፈላስፋ ስለ ቺምፓንዚ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እንስሳው ደስታው ንጹሑን ነጭ ወረቀት በምልክት ማወክ ነው፤ ሲጨርስ ሥዕሉን ዞር ብሎ አያየውም፤ ሥዕል የምናደርገው እኛ ነን ይላል። እውነት አለው። ኮንጎ ሥራዎቹን ግድግዳ ላይ ስቀሉልኝ አላለም። ቢሆንም የሌናን ነገር ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ለማወክ ብቻ የሚጭር ሰው በቃኝ የሚለው ሲደክመው ነው። ኮንጎ ግን ሳይደክም በቃኝ ይል ነበር፤ ሌላ ወረቀት ሲሰጡት ይቀጥላልና። «ይኼኛው አልቋል» የሚል ነገር በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ነበረ። ምን እንደሆነ ልንሰይመው አንችልም፤ አልነበረም ማለትም አንችልም።

በእንስሳትና በሥዕል ስም ከተፈጸሙት ቀልዶች ውስጥ የብዙዎቹ ዒላማ እንስሳው ሳይሆን እንደ እኔ ያለው ሃያሲ ነው። በ1910 ፓሪስ ውስጥ ሮላን ዶርዥሌስ የተባለ ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሎሎ በተባለ አህያ ጭራ ላይ ብሩሽ አሰረ። አህያው ምግብ ሲሰጠው ጭራውን ይወዘውዛል፤ ሸራው ይቀባል። ሥዕሉ በአድርያቲክ ባሕር ላይ ስለምትጠልቅ ፀሐይ የሚናገር ርእስ ተሰጥቶት፣ ቦሮናሊ በሚባል ፈጽሞ በሌለ ጣሊያናዊ ስም ለዐውደ ርእይ ቀረበ። በ1964 ደግሞ በስዊድን አገር ዬተቦሪ ከተማ ፒየር ብራሶ የሚባል የማይታወቅ ፈረንሳዊ አራት ሥዕሎች አሳየ። አንድ ሃያሲ የብሩሹን አጣጣል እያደነቀ ጻፈ። ፒየር ብራሶ በቡሮስ የአራዊት መጠበቂያ የሚኖር ፒተር የተባለ የአራት ዓመት ቺምፓንዚ ነበር፤ ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት ይቀምሰው፣ ሙዝ እየበላም ይሥል ነበር። ነገሩ ሲገለጥ ሃያሲው አላፈረም፤ «ቢሆንም ከዐውደ ርእዩ ሁሉ የሚበልጠው የእሱ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ በዚህ ሃያሲ ይስቃል። እኔ ግን አከብረዋለሁ። ያየውን ካየ፣ የሣለው ማንም ይሁን ማን ዓይኑን አልከዳም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከሸራው ተነሥቶ ስለማያውቀው ሠዓሊ ልብ መናገሩ ላይ ነው። አህያውና ፒተር በአንድ ተርታ ሲነሡ ይኸው ልዩነት ይጠፋል። ሸራዎቹን ጎን ለጎን ብትሰቅሏቸው ሁለቱም ግርግር ናቸው። የአህያው ጭራ ግን ሸራው መኖሩን አያውቅም፤ ፒተር ያውቃል። ይህን ከሥዕሉ ላይ ማንበብ አይቻልም። እዚያው ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

የሃያሲ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ጃፓናዊው ሺገሩ ዋታናቤና ባልደረቦቹ በ1995 ባሳተሙት ጥናት ርግቦች የሞኔን ሥዕል ከፒካሶ ሥዕል እንዲለዩ አስተማሩ። ርግቦቹ አይተዋቸው የማያውቋቸውን ሥራዎች ጭምር ለዩ። የሞኔን ሥዕል ገልብጠው ሲያሳዩአቸው ግራ ተጋቡ፤ ፒካሶን ሲገለብጡት ግን ያው ሆነባቸው። ከሙያ ባልደረቦቼ ውስጥ ከዚህ የማይሻል የለም ብዬ አልምልም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ቤት ከታይላንድ የመጣ ተንቀሳቃሽ ፊልም አየሁ። አንዲት ዝሆን በኩምቢዋ ብሩሽ ይዛ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትሥላለች። መጀመሪያ አንድ ጠማማ መሥመር ታወጣለች፤ ጀርባ ይሆናል። ቀጥሎ እግር፤ ቀጥሎ ጆሮ፤ ቀጥሎ ኩምቢ። በመጨረሻ ኩምቢው ጫፍ ላይ ቀይ አበባ ታደርጋለች። ዝሆን ዝሆንን ሣለች! ዓይኔ እንባ ሞላ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ራሷን የምታውቅ ፍጥረት የራሷን መልክ ሣለች» አልኩ፤ ስለ ነፍስ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ዝሆን ትዝታ አራት ዓምድ ሞላሁ። ጋዜጣው በትልቅ ርእስ አወጣው። ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሙኝና አመሰገኑኝ።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያንን የዝሆን ጽሑፍ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ፊልሙን እኔንም ልጆቼ አሳይተውኛል። ጆሮዋ ሥር የቆመውን ሰውዬ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ። ጠባቂዋ ነው።»

«እጁስ የት ነበር?»

መልስ አጣሁ። እጁን አላየሁም።

«እኔ በወጣትነቴ ጎጃም ሳለሁ ሁለት በሬዎች ነበሩኝ» አሉ። «ፈራቸው እንደ ክር የቀና ነበር፤ አገር ያደንቀው ነበር። ግን ልጄ፣ ፈሩን ያቀናው ማን ነው? በሬው ነው ወይስ እርፉን የጨበጥኩት እኔ?»

ስልኩ ሲዘጋ ወዳጄ ቤት ሮጥኩ። ፊልሙን እንደገና ከፈትነው። የሰውዬው እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዝሆኗ ጆሮ ላይ ነው። በኋላ እንዳነበብኩት ያው ዴዝመንድ ሞሪስ ታይላንድ ድረስ ሄዶ ይህንኑ ተመልክቷል። ነጂው ጆሮዋን ወደ ላይና ወደ ታች ሲስብ ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ሲስብ አግድም ይሄዳል። እያንዳንዷ ዝሆን በየቀኑ የምትሥለው አንዱን ሥዕል ነው፤ አንዷ አበባ፣ አንዷ ዛፍ፣ አንዷ ዝሆን። ተመልካቹ ከፊት ለፊት የሚያየው ኩምቢውን ነውና እጁን ልብ አይልም።

ታሪኩ የራሱ ምክንያት አለው። ታይላንድ በ1989 ከደን እንጨት መቁረጥን ስትከለክል ግንድ ይጎትቱ የነበሩ ዝሆኖችና ነጂዎቻቸው ሥራ ፈቱ። ከሩስያ ተሰደው ኒው ዮርክ የሚኖሩ ኮማርና ሜላሚድ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች በ1998 ዝሆኖቹን ሥዕል አስተምሮ ሥራቸውን መሸጥ ጀመሩ፤ በ2000 ክሪስቲስ የተባለው ጨረታ ቤት ሳይቀር አጫረተላቸው። የእነዚያ ዝሆኖች ሥራ የተበተነ ቀለም ነበር። አበባ የያዘችው ዝሆን ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ናት። ዝሆኖቹ በመሣል ደስ ይላቸዋል የሚለውም ቢሆን ሲፈተሽ ብዙ አልቆመም። በአውስትራሊያ ሜልበርን የአራዊት መጠበቂያ አራት ዝሆኖች ላይ ተጠንቶ በ2014 የታተመው ውጤት ሥዕሉ የጭንቀት ምልክታቸውን እንዳልቀነሰላቸው፣ ጥቅሙም በአብዛኛው ለተመልካቹ እንደሆነ ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን ሽማግሌው ካሉት አንድ እርምጃ ልሂድ። በሬው ፈሩን አላቀናውም ማለት በሬው ደደብ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ያረሰ ሁሉ ያውቃል። የጆሮ ንቅናቄን ወደ ብሩሽ ጉዞ የምትለውጥ ዝሆን እጅግ ብልህ ናት። በ2006 በኒው ዮርክ የአራዊት መጠበቂያ ሃፒ የተባለች ዝሆን በመስታወት ውስጥ ያየችው ምልክት የራሷ ግንባር ላይ እንዳለ አውቃ በኩምቢዋ ነክታዋለች። ብልህነቷ እውነት ነው፤ እኔ የፈለግሁበት ቦታ ግን አልነበረም። አበባው ስለ እኛ ይመሰክራል እንጂ ስለ እሷ አይመሰክርም። በአሪዞና ፊኒክስ የነበረችው ሩቢ የተባለች ዝሆን ማንም ሳያስተምራት በእንጨት መሬት ትጭር ነበር፤ ብሩሽ የሰጧትም ይህን አይተው ነው። በብዙ ዶላር ከተሸጡት ሥዕሎቿ ሁሉ ይልቅ ያ ማንም ሊገዛው የማይችል የአፈር ጭረት ይበልጥብኛል።

ሰው ሳያስተምራቸው፣ ሰው ሳይነካቸው የሚሠሩትስ? አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ውስጥ ወንዱ ለሴቷ ዳስ የሚጥልላት የወፍ ወገን አለ። ዳስ ማለቴ በትክክል ነው፤ ጎጆ አይደለም፤ እንቁላል አይጣልበትም፤ ጫጩት አያድግበትም። የሠርግ ዳስ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ሴቷ ሄዳ የራሷን ጎጆ ለብቻዋ ትሠራለች። አንደኛው ዝርያ ሰማያዊ ነገር ይወድዳል። ላባ፣ አበባ፣ ሰው ከደረሰበት ወዲህም የፕላስቲክ ክዳንና የልብስ መቆንጠጫ ይሰበስባል፤ ከጎረቤቱ ዳስም ይሰርቃል። ቅጠል አኝኮ በምራቁ ለውሶ የዳሱን ግድግዳ ይቀባል። ወንዱ ሙሉ ላባውን እስኪያወጣ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የትልልቆቹን ዳስ እያየ፣ የራሱን እየሠራና እያፈረሰ ይለማመዳል።

ትልቁ ዝርያ ደግሞ በዳሱ ደጅ ላይ ድንጋይ፣ አጥንትና ቀንድ አውጣ ቅርፊት ያነጥፋል፤ ትንንሹን ወደ ዳሱ ቅርብ፣ ትልልቁን ራቅ አድርጎ። ሴቷ ዳሱ ውስጥ ቆማ ስታይ መሬቱ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያታል። ይህ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ስንት መቶ ዓመት የደከሙበት የርቀት ጥበብ ነው። ጆን ኤንድለርና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ተመራማሪዎቹ ድንጋዮቹን ገለባብጠው ትልልቁን ወደ ቅርብ አመጡት። ወፎቹ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መመለስ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት ምንጣፉን አሳምሮ ያነጠፈ ወንድ በሴቷ ዘንድ የተሻለ ዕድል እንዳለው ታየ። ሴቷ ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው እየዞረች ትመረምራለች፤ አንዳንዱን አንድ ጊዜ አይታ ጥላው ትበራለች። ሃያሲ ማለት እሷ ናት። ጽሑፏ አጭር ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የጃፓን ባሕር ውስጥ ሰውነቱን እንደ ፊኛ የሚነፋ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ደግሞ በአሸዋው ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ ጨረር ጨረር ያለው ክብ ይሠራል። ሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን በክንፉ ያርሰዋል፤ ጠርዙን በተሰባበረ ዛጎል ያስጌጠዋል። ጠላቂዎች ክቡን በ1995 አካባቢ አይተው ሠሪውን ያወቁት ግን በ2012 ነው። ያንን ፎቶግራፍ አይቶ ዝም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ዓሣው የሚሠራው ያንኑ ክብ ነው፤ ሌላ ክብ የለውም።

እንግዲህ ወፉና ዓሣው ተመልካች አላቸው፤ ለእሷ ዓይን ይሠራሉ፤ ከዚያ ጉዳይ ውጭ ግን አይሠሩም። ኮንጎ ያለ ጉዳይ ይሠራል፤ ተመልካች ግን የለውም፤ ራሱም ተመልካች አይደለም። እኛ ዘንድ ሁለቱ አንድ ላይ ተገናኙ ብዬ ልደመድም ስል አንድ የጃፓን ጥናት አገኘሁና ጽሑፌን እንደገና ጀመርኩት።

አያ ሳይቶና ባልደረቦቿ በ2014 ባሳተሙት በዚህ ጥናት ለስድስት ቺምፓንዚዎችና ለትንንሽ ሕፃናት የቺምፓንዚ ፊት የተሣለበት ወረቀት ሰጡ። ፊቱ ግን ጎደሎ ነው፤ አንድ ዓይን ወይም ሁለቱም ዓይኖች፣ አንዳንዴም ሁሉም ነገር የለውም። ቺምፓንዚዎቹ እጃቸው ከሕፃናቱ አያንስም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የፊቱን ዙሪያ በጥንቃቄ ተከትለው አሰመሩ፤ ያለውን ዓይን ቀለም ቀቡት። የጎደለውን ግን አንዳቸውም አልሞሉም። ሁለት ዓመት ተኩል ያለፋቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ዓይኑን ራሳቸው ጨመሩ።

ኮንጎ ያለውን ያያል፤ ያየውን ይነካል፤ ሲበቃውም ያውቃል። ሕፃኑ የሌለውን ያያል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ይህን ነገር በሌላ በኩል የሚያውቁት ይመስለኛል። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን በኩል ሲሥሉ ተመልካቹ የቀረችውን ዓይን ፈልጎ እንዲያጣት ነው። ቺምፓንዚ እዚያ ግድግዳ ፊት ቢቆም የሚጎድል ነገር አያገኝም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ራሴ ልሞክረው ብዬ የሦስት ዓመት ከመንፈቋን የእኅቴን ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳት። እንደ ነገሩ አንድ ክብ ፊት ሣልኩ፤ አፍንጫና አፍ አደረግኩለት፤ ዓይኑን ተውኩ። እርሳሱን ሰጠኋት። «ውይ፣ ዓይን የለውም» አለችና ሁለት ነጥብ አደረገችለት፤ አንዱ ግንባሩ ላይ፣ አንዱ ጉንጩ ላይ። ጥናቱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱን ልወስድ እጄን ስዘረጋ ጮኸችብኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ዓይኖች እስኪጠፉ ድረስ ጫር ጫር አደረገቻቸው። ፊቱ ላይ ጥቁር ግርግር ብቻ ቀረ። ኮንጎ በሠራው ወረቀት መካከል ቢደባለቅ ለይቼ አላወጣውም ነበር።

«ምነው አበላሸሽው?» አልኳት።

እርሳሱን አስቀመጠችና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «ዝም በል፣ ጋሼ፤ ተኝቷል» አለችኝ።